ደሴ ላይ ልጆችን ሰብስቦ የአሸዋ ሥዕል ማስተማር፦ አሸዋው እንዳይረግፍ፣ ቀለሙም እንዳይደባለቅ

በክረምት ዕረፍትም ሆነ ቅዳሜና እሑድ የጎረቤት ልጆችን በየግቢያቸው ሰብስበው በተራ የሚያስተምሩ ወላጆች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ሁለት ናቸው። አንደኛው «ልጆቹ የሠሩት ሥዕል ገና ሳይሰቀል አሸዋው ረገፈ፤ ምን እናድርግ?» የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ «አምስት ቀለም አዘጋጅተን በግማሽ ሰዓት ውስጥ ሁሉም ተደባልቆ ቡናማ ሆነብን» የሚል። የመጀመሪያው ችግር የሚፈታው አሸዋው ላይ ነው፤ ታጥቦ አቧራው ካልወጣለት የትኛውም ኮላ አይዘውም። ሁለተኛው የሚፈታው በአቀማመጥ ነው፤ የቀለም ሳህኖቹ በልጆቹ መካከል መዞራቸው ቀርቶ ልጆቹ ወደ ቀለሙ ይሂዱ።

ከታች ያሉት መጠኖች ለ10 ልጆችና ለ4 አዋቂዎች የተሰሉ ናቸው። እያንዳንዱ ልጅ ኤ4 ወረቀት በሚያህል ሰሌዳ (ኮምፔንሳቶ ወይም ካርቶን) ላይ ኮላ እየቀባ፣ ባለቀለም አሸዋ እየነሰነሰ አንድ ሥዕል ይሠራል። ሥራው ሁለት ክፍለ ጊዜ ይፈጃል፤ እያንዳንዱ አንድ ሰዓት ተኩል ነው። አሸዋውን ማዘጋጀት ግን የአዋቂ ሥራ ነው፤ በበጋ ከአራት ቀን በፊት፣ በሐምሌና በነሐሴ ከአንድ ሳምንት በፊት ጀምሩት።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

ብርጭቆ ስንል 250 ሚሊ ሊትር የሚይዘውን ነው።

- አሸዋ፦ አንድ ባለ 10 ሊትር ባልዲ። ተነፍቶና ታጥቦ የሚቀረው ከግማሽ ሊያንስ ስለሚችል አትቀንሱት። የምትፈልጉት 12 ብርጭቆ ንጹሕ አሸዋ ነው።
- የእንጨት ኮላ (ነጩ፣ በውሃ የሚቀጥነው)፦ ለሥዕሉ 250 ግራም፣ ለሰሌዳው ጀርባና ለመጨረሻው ርጭት ሌላ 250 ግራም።
- በውሃ የሚበጠበጥ ነጭ የግድግዳ ቀለም፦ ግማሽ ሊትር፤ ከነማቅለሚያዎቹ (ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ)።
- 3 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ ወይም ጠንካራ ካርቶን፦ በኤ4 ልክ የተቆረጠ 10፣ ለመሞከሪያ 2 ተጨማሪ።
- ቀጫጭን ብሩሽ 10፣ ሰፊ ብሩሽ 2።
- ወንፊት፣ የሻይ ማጥለያ፣ ሳፋ 2፣ ጠርዝ ያለው ትሪ 5፣ የሾርባ ማንኪያ 5።
- ክዳናቸው የሚገጥም ባዶ የሃይላንድ ጠርሙሶች፣ ሸራ፣ አሮጌ ጋዜጣ፣ እርሳስ፣ ማስክ።
- ፀጉር ቤት ያለው ዓይነት ውሃ መርጫ 1።

ወንፊቱና ማጥለያው ወደ ወጥ ቤት አይመለሱም። አሸዋ ሽቦውን ይከፍተዋል፤ የቀለም ቅሪቱም አይለቅም።

1. አሸዋውን መምረጥ

ከግንባታ ዕቃ ሻጮች የታጠበ የወንዝ አሸዋ ጠይቁ። ቤት እየተሠራ ካለበት ግቢ ከምድር ተጠርጎ የሚሰጥ አሸዋ አትቀበሉ፤ ሲሚንቶ ይደባለቅበታል፤ ሲሚንቶ ደግሞ እርጥብ የልጅ እጅ ላይ ሲያርፍ ቆዳ ያቃጥላል። ከኮምቦልቻ ፋብሪካዎች በታች ካለው የወንዝ ዳርም ሆነ ደሴ ከተማ ውስጥ ከሚያልፉት ጅረቶች ዳር ለልጆች አሸዋ አትሰብስቡ። የፋብሪካና የቤት ፍሳሽ ይገባባቸዋል፤ እጥበት ብቻውን ይህን አያስወግደውም።

የአካባቢያችን ድንጋይ አብዛኛው ጥቁር ስለሆነ አሸዋውም ይጠቁራል። ይህን አስቀድሞ አለማወቅ ብዙ ቀለም ያባክናል። በሌላ አገር ነጭ አሸዋ የተዘጋጁ መመሪያዎች «ጥቂት የምግብ ቀለም ጠብ አድርጉበት» ይላሉ፤ በእኛ አሸዋ ላይ ግን ቢጫው ጭቃ ይመስላል፣ ቀዩም ቡና ይሆናል። መፍትሔው ደረጃ 4 ላይ አለ። ጥቁሩን አሸዋ ደግሞ እንደ ጸጋ ቁጠሩት፦ 4 ብርጭቆውን ሳታቀልሙ አስቀምጡት፤ ለተራራ፣ ለጀበና፣ ለመስመር ከሱ የተሻለ ጥቁር አታገኙም።

ጨው አቅልሞ መጠቀምስ? በበጋ ይሠራል። የአየሩ እርጥበት 75 ከመቶ ገደማ ሲያልፍ ግን ጨው ውሃ ይስባል፤ ጉም በሚውልበት የደሴ ክረምት ሥዕሉ ግድግዳ ላይ እንዳለ ያነባል። በክረምት ተዉት።

2. መንፋትና ማጠብ

በመጀመሪያ በወንፊት ጠጠሩንና ሥራሥሩን ለዩ። ቀጥሎ በሻይ ማጥለያ ንፉት፤ የምትፈልጉት ከጤፍ ፍሬ የማይበልጠውን ነው። ከዚያ የገዘፈ አሸዋ ክብደቱ ከኮላው አቅም በላይ ስለሚሆን ሰሌዳው ሲቆም ይወድቃል።

ማስጠንቀቂያ፦ ደረቅ አሸዋ ሲነፋ የሚቦነው ብናኝ ሳንባ ይጎዳል። ደጅ ላይ፣ ንፋሱን ከኋላችሁ አድርጋችሁ፣ ማስክ አጥልቃችሁ ንፉ። ልጆች አጠገብ አይኑሩ፤ በተለይ አስም ያለበት ልጅ።

ከዚያ ይታጠባል። ሳፋው ውስጥ አሸዋውን እስከ ሲሶ ሙሉ፣ ውሃ ጨምሩ፣ በእጅ በደንብ አማስሉ፣ እስከ አሥር ቁጠሩና የደፈረሰውን ውሃ ድፉ። ቆጠራው ምክንያት አለው፦ አሸዋው በነዚያ ሰከንዶች ይዘቅጣል፤ አቧራውና ሸክላ አፈሩ ገና ስለሚንሳፈፍ ከውሃው ጋር ይወጣል። ብዙ ከቆያችሁ አቧራውም ተመልሶ ይዘቅጣል፣ ልፋቱ ከንቱ ይሆናል። ውሃው ጠርቶ የሳፋው ታች እስኪታይ ድገሙ፤ አብዛኛውን ጊዜ ከአምስት እስከ ሰባት ዙር ይጠይቃል።

አሸዋው የሚረግፍበት ዋናው ምክንያት እዚህ ነው ያለው። ያልታጠበ የአሸዋ ፍሬ ዙሪያውን አቧራ ለብሷል። ኮላው የሚይዘው አቧራውን ነው፤ አቧራው ሲላቀቅ ፍሬው አብሮ ይሄዳል። ኮላ ቢያበዙለትም ለውጥ የለውም።

የእጥበቱን ውሃ በቤት ፍሳሽ መውረጃ አትድፉ፤ ቧንቧው ይደፈናል። ግቢ ውስጥ አፈር ላይ ድፉት።

3. ማድረቅ

በበጋ ሸራ ላይ አንድ ጣት በማይሞላ ውፍረት አንጥፉት፤ ሁለት ቀን ፀሐይ ይበቃዋል፤ በቀን ሁለት ሦስቴ ገልብጡት። ኮምቦልቻ ከደሴ 600 ሜትር ገደማ ዝቅ ስለሚልና ስለሚሞቅ እዚያ በአንድ ቀን ይደርቃል። ድመት እንዳይጸዳዳበት ማታ ሸፍኑት።

በክረምት ፀሐይ አትጠብቁ። በብረት ምጣድ ላይ በመጠነኛ እሳት እያማሰላችሁ 20 ደቂቃ ያህል ቁሉት፤ ሙቀቱ ከአፈር የሚመጣ የትል እንቁላልንም ይገድላል። የእንጀራ ምጣድ አይሆንም፤ አሸዋው ማሰሻ የጠገበውን ገጽ ይቧጥጠዋል። የተቆላ አሸዋ ላዩ የበረደ ቢመስልም ውስጡ ለረጅም ጊዜ እንደጋለ ይቆያል፤ ልጅ በማይደርስበት ቦታ አሳድራችሁ በማግሥቱ ንኩት።

መድረቁን ለማወቅ አንድ ጭብጥ ጨብጣችሁ እጃችሁን ክፈቱ። ቅርጽ ይዞ ከቀረ ወይም መዳፍ ላይ ከተለጠፈ አልደረቀም።

4. ማቅለም

አንድ ብርጭቆ ደረቅ አሸዋ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ የግድግዳ ቀለም፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ውሃ። ማቅለሚያውን መጀመሪያ ከነጩ ቀለም ጋር በጥብጡት፤ ነጩ ጥቁሩን ፍሬ ይሸፍናል፣ ማቅለሚያው ቀለም ይሰጣል። ፌስታል ውስጥ አድርጋችሁ አፉን ቋጥራችሁ ከውጭ ሦስት ደቂቃ እሹት። ከዚያ ጋዜጣ ላይ ዘርጉትና ሲደርቅ በእጅ እየፈረፈራችሁ እንደገና በሻይ ማጥለያ አሳልፉት። የተጓጎለውን ሳትፈረፍሩ ካሳለፋችሁት ልጆቹ እጅ ላይ ይፈርስና ያልተቀለመ ጥቁር ፍሬ ይወጣበታል።

በዚህ አሠራር የሚገኘው ቀለም ለስለስ ያለ ነው፤ ቀዩ ወደ ሮዝ ያዘነብላል። ደማቅ ከፈለጋችሁ በሁለት ዙር ሥሩ፦ መጀመሪያ በነጭ ብቻ፣ ከደረቀ በኋላ ነጭ ባልገባበት በውሃ የሚበጠበጥ ቀለም። ጊዜ ይወስዳል፣ ግን ለቀይና ለቢጫ ዋጋ አለው።

ለ10 ልጆች የሚበቃው፦ ቀይ 2 ብርጭቆ፣ ቢጫ 2፣ አረንጓዴ 2፣ ነጭ 2፣ ያልተቀለመ ጥቁር 4። አንድ ኤ4 ላይ የሚለጠፈው አሸዋ 100 ግራም እንኳ አይሞላም። ብዙ ማዘጋጀት የሚያስፈልገው ልጁ በልግስና ነስንሶ ትርፉን እንዲመልስ ነው፤ ሳህኑ ሲጎድል ልጆች ቆጥበው ይነሰንሳሉ፣ ቆጥቦ የተነሰነሰ ደግሞ ክፍተት ይተዋል።

ቀለም ለሌለው ቤት፦ ባለቀለም ጠመኔ ተወቅጦ ከአሸዋ ጋር ሊታሽ ይችላል፤ ሦስት ጠመኔ ለአንድ ብርጭቆ። እጅ ያቀልማል፤ በጥቁር አሸዋ ላይም ደብዛዛ ነው። እርድ ጥሩ ቢጫ ነው፣ ፀሐይ ሲያገኘው ግን ይለቃል። ተቀቅሎ፣ ደርቆ የተወቀጠ የእንቁላል ቅርፊት ያለ ምንም ቀለም ነጭ ይሆናል። በርበሬ ለቀይ የሚያቀርቡ አሉ፤ በፍጹም አይሆንም፣ ልጆች ዓይናቸውን ያሻሉ። አመድም አይሆንም፤ ከእርጥብ ኮላ ጋር ሲገናኝ ቆዳ ያሳክካል። በቲነር የሚቀጥን የዘይት ቀለም ሽታው ልጅ ያሳምማል፤ ሊድ የተባለው መርዛማ ብረትም ሊኖርበት ይችላል።

5. ሰሌዳውን ማዘጋጀት

ኮምፔንሳቶ ከሆነ ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት አለስልሱ፣ ጣት ይወጋል። ካርቶን ከሆነ ጀርባውን ከአንድ ቀን በፊት በቀጠነ ኮላ (አንድ እጅ ኮላ፣ አንድ እጅ ውሃ) ቀቡት። ኮላ ሲደርቅ ይሸበሸባል፤ ፊቱ ብቻ ከተቀባ ካርቶኑን ወደ ራሱ ይጎትተውና ሥዕሉ ይጎብጣል፤ ከጎበጠ ደግሞ አሸዋው ይሰነጠቃል። በሁለቱም በኩል ሲቀባ ጉተታው ይመጣጠናል።

6. ንድፍ

በእርሳስ ብቻ። የማርከር መስመር ከኮላው እርጥበት ጋር ይፈስሳል።

ከአንድ ጣት ስፋት የጠበበ ክፍል አይኑር፤ ለ7 ዓመት ልጅ ሁለት ጣት ይሁን። የጦሳ ተራራና ሰማዩ፣ ጀበናና ሲኒ፣ ዓደይ አበባ፣ የሰፌድ ወይም የመሶብ ጥለት ጥሩ ናቸው። ለመጀመሪያ ጊዜ የሰፌድ ጥለት እንመርጣለን፦ ክብና ሦስት ማዕዘን ብቻ ስለሆነ፣ አንድ ቀለም ደጋግሞ ስለሚመጣ፣ ልጁ ቀለም ሳይለዋውጥ ብዙ ቦታ ይሞላል። ፊትና እጅ ያለው ሰው ግን ተዉ፤ ዓይንና ጣት በአሸዋ አይወጣም፣ ልጁም ያለ ጥፋቱ ተስፋ ይቆርጣል።

እያንዳንዱን ክፍል በቀለሙ ቁጥር ምልክት አድርጉበት፦ 1 ጥቁር፣ 2 አረንጓዴ፣ 3 ቀይ፣ 4 ቢጫ፣ 5 ነጭ። ቁጥሩ የሥራ ቅደም ተከተልም ነው፤ ከጠቆረው ወደ ነጣው። ቢጫው አስቀድሞ ከተሠራ ቀጥሎ የሚመጣው ጥቁር በየክፍተቱ ገብቶ ይለጠፋል፤ ቢጫ ላይ አንድ ጥቁር ፍሬ ከሩቅ ይታያል። የቀለም አሸዋ ጥቁሩ ላይ ቢወድቅ ግን ደረቅ ብሩሽ ያነሳዋል።

7. ቦታውን ማደራጀት

ይህን ደረጃ የሚዘሉ ብዙዎች ናቸው፤ ቀለም የሚደባለቀውም በዚህ ነው።

ሁለት ዓይነት ጠረጴዛ ይኑር። አንደኛው የኮላ ጠረጴዛ ነው፤ እዚያ አሸዋ አይደርስም። ሁለተኛው የአሸዋ ነው፤ በእያንዳንዱ ትሪ አንድ ቀለምና አንድ ማንኪያ፣ ትሪዎቹም በተቻለ መጠን የተራራቁ። ልጁ ኮላ ይቀባል፣ ሰሌዳውን አግድም ይዞ ወደ ቁጥሩ ትሪ ይሄዳል፣ ይነሰንሳል፣ ትርፉን እዚያው ትሪ ላይ ያራግፋል፣ ይመለሳል። ማንኪያ ከትሪ ወደ ትሪ አይሄድም።

አንድ አዋቂ ኮላው ጋ ይቁም፤ ሁለቱ ትሪዎቹን ይጠብቁ፤ አራተኛው ማድረቂያው ጋ ሆኖ የልጆችን እጅ በደረቅ ጨርቅ ይጥረግ። በእርጥብ ጨርቅ አይሁን፤ እርጥብ እጅ አሸዋ ይዞ ወደ ቀጣዩ ትሪ ይሻገራል። ደጅ ላይ የምትሠሩ ከሆነ ከቀትር በፊት ጨርሱ፤ ከሰዓት በኋላ የሚነሳው ንፋስ ትሪውን ያቦነዋል።

ዕድሜን በተመለከተ፦ ከ4 ዓመት በታች ያለ ልጅ አሸዋ ወደ አፉ ስለሚያደርግ አይግባ። ከ4 እስከ 6 ያሉት ኮላ ሳይኖር ትሪ ላይ በጣታቸው ይሣሉ። ከ7 እስከ 10 ያሉት ሦስት ወይም አራት ቀለም ይበቃቸዋል። ከ11 በላይ ያሉት ሁለት ቀለም ደባልቀው ጥላ ማውጣት፣ ቆሎ ሻጮች እንደሚጠቀልሉት ባለ ሾጣጣ ወረቀት ጫፉን ትንሽ ቆርጠው ቀጭን መስመር ማፍሰስ ይችላሉ።

8. ኮላ መቀባትና መነስነስ

ኮላውን አቅጥኑት፦ ሦስት እጅ ኮላ፣ አንድ እጅ ውሃ። ሳይቀጥን ከተቀባ ላዩ ቶሎ ቆዳ ያበጃል፤ አሸዋው ያረፈው ቆዳው ላይ ስለሆነ ሲደርቅ እንደ ልጣጭ ይነሳል። ከዚህ በላይ ከቀጠነ ደግሞ ካርቶኑ ይጠጣዋል፣ ላዩ ላይ የሚቀር የለም።

ሀ. የአንድ ቁጥር ክፍሎችን ብቻ ቀቡ፤ መጀመሪያ ጠርዙን፣ ከዚያ መሀሉን። ሥሩ ያለው የእርሳስ መስመር በስሱ እስኪታይ ድረስ መቀባት ትክክለኛው ውፍረት ነው።

ለ. በሦስት ደቂቃ ውስጥ አሸዋ ይነስነስበት፤ ኮምቦልቻ ላይ በሁለት ደቂቃ። ስለዚህ ትልቅ ሰማይ ያለው ሥዕል በሁለት ይከፈል።

ሐ. ከአንድ ስንዝር ከፍታ ነስንሱ። ከዚያ ዝቅ ካለ ይቆለላል፣ ከዚያ ከፍ ካለ ጎረቤት ክፍል ይገባል። ኮላው እስኪሸፈን ድረስ አብዙት።

መ. ንጹሕ ወረቀት አልብሳችሁ በመዳፍ በቀስታ ተጫኑት፤ አታሹት። ላይ ያሉት ፍሬዎች ኮላው ውስጥ የሚገቡት በዚህ ነው።

ሠ. አንድ ደቂቃ ቆይቶ ሰሌዳውን አዘንብሎ ጀርባውን ሁለቴ በጣት መታ መታ ማድረግ። «ነፍሴ፣ በአፍህ እፍ አትበል» በሉት፤ እፍ ሲባል አሸዋው የጓደኛው ዓይን ውስጥ ይገባል።

ረ. ወደሚቀጥለው ቁጥር ከመሄድ በፊት 10 ደቂቃ ይቆይ። በዚህ መሀል ብሩሹ በውሃ ይታጠብና በጨርቅ ይድረቅ። ብሩሽ ላይ አንድ ፍሬ አሸዋ ካለ ኮላው ውስጥ ይገባና የሁሉንም ሥዕል ያበላሻል፤ ስለዚህ ከኮላው ዕቃ በቀጥታ አትንከሩ፣ ለእያንዳንዱ ልጅ ትንሽ በክዳን አፍስሱለት።

በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ 1ንና 2ን፣ በሁለተኛው የቀሩትን ሥሩ። ሁሉንም በአንድ ቀን ማስጨረስ ልጆቹን ያስቸኩላል፣ ያልደረቀው ክፍልም የሌላውን ቀለም ይይዛል።

ዓይን ውስጥ አሸዋ ከገባ፦ ልጁ እንዳያሽ እጁን ያዙ፣ ንጹሕ ውሃ ደጋግማችሁ አፍስሱለት፣ ዓይኑን እንዲያርገበግብ አድርጉ። ሕመሙ ካልተወው ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

9. ማድረቅና ማጽናት

አግድም፣ ጥላ ውስጥ፣ ቢያንስ አንድ ሌሊት፤ በክረምት ሁለት ቀን። ፀሐይ ላይ ማስጣት ላዩን ብቻ አድርቆ ያሰነጥቀዋል። ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ሲበርድ ደግሞ በረንዳ ላይ አታሳድሩት፤ ኮላ ከ10 ዲግሪ በታች ሲደርቅ ጠመኔ መስሎ ይነጣል፣ ሲነኩትም ይፈረፈራል። ቤት ውስጥ ይደር።

ከደረቀ በኋላ አዘንብላችሁ በደረቅ ሰፊ ብሩሽ ጥረጉት። የሚረግፈው አሁን ይርገፍ። ክፍት ቦታ ከታየ ኮላ ጠብ አድርጉና እንደገና ነስንሱ።

ለማጽናት አንድ እጅ ኮላ ከአራት እጅ ውሃ ጋር በጥብጡ፣ በጨርቅ አጥልላችሁ በመርጫው ከክንድ ርቀት እርጩ። ጠጋ ብሎ መርጨት ፍሬዎቹን ይገፋቸዋል። ይህ የሚሆነው በግድግዳ ቀለም ለተቀለመ አሸዋ ብቻ ነው፤ በጠመኔ ወይም በእርድ የተቀለመው ውሃ ሲነካው ይፈስሳል፣ ስለዚህ ሳይረጭ በብርጭቆ ወይም በላስቲክ ሸፍናችሁ አስቀምጡት። የፀጉር ስፕሬይ የምትጠቀሙ አዋቂው ብቻ፣ ደጅ ላይ፣ ከከሰል ምድጃ ርቃችሁ እርጩ፤ በቀላሉ ይቀጣጠላል።

የተሳሳተውን ከምልክቱ ማወቅ

- እጅ ሲነካው እንደ ዱቄት የሚረግፍ፦ አሸዋው አልታጠበም።
- እንደ ልጣጭ የሚነሳ፦ ኮላው ወፍሯል ወይም አሸዋው ዘግይቷል።
- መሀሉ ይዞ ጠርዙ የተራቆተ፦ መሀሉ ቀድሞ ተቀብቷል፤ ብሩሹ ጠርዝ ሲደርስ ኮላው አልቋል።
- ነጭ ነጠብጣብ ከአሸዋው መሀል የሚታይ፦ ኮላው በብርድ ደርቋል፤ በላዩ እንደገና ቀጭን ኮላ እርጩና ሞቅ ያለ ክፍል ውስጥ አድርቁት።
- ሻጋታ ያወጣ፦ አሸዋው ሳይደርቅ ጠርሙስ ውስጥ ገብቷል። ይጣል።

10. መጥረግና ማስቀመጥ

ወለሉን ደረቁን አትጥረጉ፤ ውሃ አርከፍክፋችሁ ጥረጉ፣ ብናኙ እንዳይነሳ። ልጆቹ እጃቸውን ከመታጠባቸው በፊት ደጅ ላይ ያራግፉ። የተደባለቀውን አሸዋ አትጣሉት፤ በአንድ ጠርሙስ አጠራቅሙና ሥዕል ላይ መሬትና ግድግዳ ለመሙላት ተጠቀሙበት። የየቀለሙ ትርፍ በደረቀ የሃይላንድ ጠርሙስ ገብቶ፣ ቀለሙና የተዘጋጀበት ወር ተጽፎበት ይቀመጥ። በክረምት የቆየ አሸዋ ለሚቀጥለው ቡድን ከማቅረባችሁ በፊት የጭብጥ ሙከራውን እንደገና አድርጉለት።